የመጀመሪያ ብስክሌት ለሚገዙ ወጣቶች

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። ዛሬ ከደመወዙ ቆጥቦ የእሽቅድድም ብስክሌት ለመግዛት የሚነሣ ወጣት ግን አስቀድሞ የሚማረከው በቀለሙና በቅለቱ ነው። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» እንዲሉ፣ እኛ በቅድሚያ ልክዎን ይወቁ እንላለን።

ብስክሌቱን በእግሮችዎ መካከል አድርገው ሲቆሙ፣ ከላይኛው ብረት በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ይበል። ኮርቻ ከፍና ዝቅ ይደረጋል፤ ያለ ልክ የተገዛ ዋና አካል ግን አይታረምም፤ ትርፉም የጉልበትና የወገብ ሕመም ነው።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ለዳገቱ ቀላል ማርሽ ያሻል፤ ከፊት ትንሹ ባለ 34፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 32 ጥርስ ቢሆን ለጀማሪ ይበጃል። ለሻካራ መንገድም ከ23 ሚሊ ሜትር ጎማ የ28ቱ ይመረጣል። ፍሬኑንም አጥብቀው ይፈትሹ፤ ዳገት የወጣ ቁልቁለት መውረዱ አይቀርምና።

ገንዘብዎን ሁሉ በብስክሌቱ አይጨርሱት፤ ለራስ መከላከያ ቆብና ለጎማ መንፊያ ያስቀሩ። ውድ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ከሚቀር፣ መካከለኛ ሆኖ ዕለት ዕለት የሚነዱት ይበልጣል።