«ውሃ የማያስገባ» የሚለው ጽሕፈትና የአሮጌው ሰዓት መሙያ

በብዙ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች ጀርባ ላይ ሰዓቱ ውሃ የማያስገባ መሆኑን የሚመሰክር ቃል ተቀርጾ ይገኛል። ይህ ምስክርነት ሰዓቱ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እውነት ሊሆን ይችላል። ከአርባና ከኀምሳ ዓመት በኋላ ግን እውነትነቱ የሚጸናው በብረቱ መጋጠሚያ ውስጥ የተሸሸገው ቀጭን የጎማ ቀለበት ደኅና እንደ ሆነ ብቻ ነው። በብረት ላይ የተቀረጸ ቃል አያረጅም፤ ጎማ ግን ያረጃል። ስለዚህ የአባቱን ሰዓት ወርሶ የሚያስር፣ ወይም አሮጌ ሰዓት ለመግዛት ገንዘቡን የሚቈጥር ሰው ጽሕፈቱን ሳይሆን ሰዓቱን ሊመረምር ይገባዋል።

የሮሌክስ ኩባንያ መሥራች ሃንስ ቪልስዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. «ኦይስተር» የተባለውን ሰዓት አወጣ፤ ስሙም ሁለት ቅርፊቱን ገጥሞ ከሚዘጋ የባሕር ፍጥረት የተወሰደ ነው። በማግሥቱ ዓመት በጥቅምት ወር ሜርሴደስ ግላይትዝ የተባለችው እንግሊዛዊት ዋናተኛ ይህን ሰዓት ይዛ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ወዳለው ባሕር ገባች። ከዐሥር ሰዓት በላይ ከዋኘች በኋላ ብርዱ ስለ በረታባት ከባሕር አወጧት፤ ሰዓቱ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ዝናው በጋዜጣ ማስታወቂያ ተነገረ። ነገር ግን ያ ሰዓት በዚያ ቀን አዲስ እንደ ነበረ ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ የሰዓት ደንብም «ውሃን የሚቋቋም» የሚለውን አነጋገር መርጧል፤ የሚቋቋም ነገር ሁሉ ልክ አለውና።

ከሰዓቱ ደጆች ሁሉ ዘወትር የሚነካው መሙያው ነው። በእጅ የሚሞላ ሰዓት በየቀኑ ሲሞላ መሙያው በዓመት 365 ጊዜ ይዞራል፤ በውስጡ ያለው ጎማም በዚያው ልክ ይፋተጋል።

እንግዲህ ምርመራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መሙያውን በሁለት ጣት ይዞ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው፤ እጅግ ከተወዛወዘ ዘንጉ ወይም ዘንጉ የሚያልፍበት ቱቦ ተበልቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሲሞላ ድምፁ እኩል መሆኑን ማዳመጥ ነው፤ ቢንሸራተት ወይም አሸዋ እንዳለበት ቢፋጭ፣ ዝገት ወይም የተበላ ጥርስ ሊኖር ይችላል። ሦስተኛ፣ መሙያውን ስቦ ጠቋሚዎቹን ማዞር፣ መልሶም መግፋት ነው፤ በቦታው የማይረጋ ወይም እጅ ላይ ተነቅሎ የሚቀር ከሆነ ወደ ሰዓት ሠሪ እንጂ ወደ ጉልበት መሄድ አይገባም። አራተኛ፣ እየተጠመዘዘ የሚዘጋ መሙያ ከሆነ ጥርሱ ያለ ትግል ሊይዝና ከቀፎው ጋራ ሊገጥም ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ በማጉያ መስተዋት መመልከት ነው። በመሙያው አቅጣጫ በሰዓቱ ገጽ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ፣ የዛጉ ጠቋሚዎች፣ ከመስተዋቱ በታች የሚታይ ጉም፣ እነዚህ ሁሉ ውሃ አስቀድሞ መግባቱን ይናገራሉ። ሻጩ «ውሃ አይፈራም» ቢልም እንኳ ከአፉ ይልቅ ነጠብጣቡን ማመን ይሻላል። መሙያው አዲስ ሆኖ ሲያብረቀርቅም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ልኩ ያልሆነ ምትክ፣ መልኩ ቢያምርም፣ ጎማውን አጥብቆ አይዘጋምና።

ለባሕር ዳር አገር ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሯ ግፊት የምጽዋ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጎማው የደከመ ሰዓት ከደጋ ወደ ምጽዋ በወረደ ጊዜ ወፍራሙ አየር ጨውና ርጥበቱን ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሰዓቱ ተመልሶ ወደ ብርዱ ሲወጣ ያ ርጥበት በብረቱ ላይ ጠል ይሆናል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ባሕር ውስጥ ሳይገባ ሊዝግ ይችላል።

ሰዓት ሠሪው ከዓይን የተሻለ መሣሪያ አለው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየር ተጭኖ የቀፎውን ልውጠት የሚለካ መሣሪያ ሰዓቱን ውሃ ሳያስነካ ይፈትነዋል፤ ለአሮጌ ሰዓት የሚመረጠውም ይኸው ነው። ደግሞም ሰዓቱን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ አሙቆ በመስተዋቱ ላይ ቀዝቃዛ የውሃ ጠብታ ማኖር የታወቀ ፈተና ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠብታው ሲጠረግ ከውስጥ ጉም ከታየ ርጥበት ገብቷል።

ክዳኑን በቤት መክፈት ግን አደጋ አለው። ከ1960ዎቹ በፊት (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ራዲየም ያለበት ነው፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ራዲየሙ አለ፤ ብናኙም ወደ ሳንባ ሲገባ ይጎዳል።

ስለዚህ ሰዓቱ በተጠረገ ቍጥር ጎማዎቹን ማስለወጥ፣ እጅ ሲታጠቡና ሲዋኙ ማውለቅ፣ መሙያውንም በውሃ አጠገብ አለመንካት ይገባል። የጨው ውሃ ከገባበትም በፀሐይ ለማድረቅ ሳይሞክሩ በዚያው ቀን ለሰዓት ሠሪ ማድረስ ነው፤ ጨው ነገን አይጠብቅምና። የጎማ ቀለበት ዋጋው ጥቂት ነው፤ የዛገ የአባት ሰዓት ግን ምትክ የለውም።