የወላጆች አገር፥ ለልጆች ባዕድ አገር — ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች

ሰው ወደማያውቀው አገር ለመሄድ ሲነሣ ብዙ ይጠይቃል። ስለ አየሩ፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ሕጉና ስለ ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ፓስፖርቱን ሁለት ጊዜ ያያል፤ የሚያርፍበትን ቤት አድራሻ በወረቀት ጽፎ ይይዛል። ወደ ተወለደበት አገር ሲመለስ ግን ይህን ሁሉ ይተወዋል። «ወደ ቤቴ ነው የምሄደው፤ ምን እጠይቃለሁ?» ይላል። ስለ ራሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ በባሕር ማዶ ተወልደው ያደጉ እንደ ሆነ ግን፥ እርሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ እነርሱ ወደ ባዕድ አገር መሄዳቸው ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ወላጅ በጉዞው መካከል ማሰቡ አይቀርም።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ወንድሜ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከአሜሪካ መጥቶ፥ የ2011 ዓ.ም. የልደትን በዓል በላሊበላ አብረን አክብረናል። ልጅቱ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት፥ ታናሽ ወንድሟ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ላስታን ያየሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆኖም «አንቺ የአገር ሰው ነሽ» ተብዬ የመንገድ መሪ ሆኜ ተሾምሁ። ሹመቱ ደስ አሰኝቶኝ ስለ ነበረ የማላውቀውን ሁሉ እንደማውቅ ሆኜ ተጓዝሁ።

በበዓሉ ጧት ካህናቱና ሊቃውንቱ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ፥ ከላይ በማሜ ጋራ ላይ የቆሙት የመላእክት፥ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሕዝቡ ከዓለቱ ጫፍ እስከ ታች ድረስ ነጭ ለብሶ ይቆማል። እኛም ከላይ ቆመን ስንመለከት ሕዝቡ ድንገት ገፋ፥ የልጅቱም እጅ ከእናቷ እጅ ወጣ። አርባ ደቂቃ ያህል አላገኘናትም። ዓለቱ ስንት ሜትር ወደ ታች እንደ ተቈረጠ የሚያውቅ አንባቢ፥ እናቷ በዚያ ጊዜ ወዴት ወዴት ትመለከት እንደ ነበረ ይገባዋል።

ያገኟት አንዲት የላስታ እናት ናቸው። «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ቢጠይቋት አልገባትም። «ስምሽ ማነው?» ሲሏት ግን ገባትና «ወለተ ማርያም» አለች፤ ለቍርባን በቀረበች ጊዜ የምትናገረው ስም ይህ ስለ ሆነ፥ በአማርኛ ለተጠየቀች ሁሉ የምትመልሰው እርሱን ነበር። እናቲቱም ለአንድ ዲያቆን ነገሩት፤ ዲያቆኑ «የወለተ ማርያም ወላጆች!» እያለ ጮኸ። በዚያ ቀን በዚያ አደባባይ ወለተ ማርያም ያልሆነች ሴት ብትፈለግ የምትገኝ አይመስለኝም፤ ዞረው ያዩት ብዙ፥ የመጡት ግን ማንም ነበሩ። በመጨረሻ የተገናኘነው እኒያ እናት ልጅቱን በነጠላቸው ሸፍነው፥ ሕዝቡ በሚወጣበት መንገድ ዳር ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ስለ ጠበቁን ነው። ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንሞክር ተቈጡ። «የአንገቷን ማዕተብ አይቼ የእኛው መሆኗን ዐወቅሁ። አፏ ግን የእኛ አይደለም፤ አስተምሯት እንጂ» አሉን።

የዚያን ዕለት ማታ በሆቴላችን ተቀምጠን ያደረግነው፥ ከመነሣታችን በፊት ልናደርገው የሚገባን ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ በጠንካራ ወረቀት ላይ በአማርኛ ሙሉ ስሙን፥ የሁለት ሰዎችን ስልክ ቍጥርና ያረፍንበትን ሆቴል ጽፈን በኪሱ ሰፋንለት። «ከተለያየን እዚህ ዛፍ ሥር እንገናኝ» የሚል ስፍራም ወሰንን። ልጆቹንም «የጠፋሁ ልጅ ነኝ» ማለትን አስጠናናቸው። ትንሹ ልጅ ይህን ቃል ስለ ወደደው እስከ ተመለስንበት ቀን ድረስ በየሄድንበት ለሰው ሁሉ ይናገር ነበርና፥ ወላጆቹ አብረውት መቆማቸውን የሚያይ ሰው ይሥቅ ነበር።

ስለ ጊዜ አቈጣጠር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ናቸው። ታኅሣሥ 29 የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የልደት መታሰቢያም ስለ ሆነ በዚያ ከተማ በዓሉ ድርብ ነው። ሰዓቱም ሌላ ነገር ነው። የላሊበላ መኪና ነጂ «በሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ሲል ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሁለተኛውን ሰዓት መናገሩ ነው፤ የአይሮፕላን ቲኬት ግን የሚጻፈው በውጭው አቈጣጠር ነው። የወንድሜ ባለቤት በልጅነቷ ከአገር የወጣች ስለ ሆነች ቀጠሮውን ከቀትር በኋላ መስሏት አረፍ አለች፤ ነጂውም አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ «ከጧቱ ነው ወይስ ከምሽቱ? በአገር ቤት ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወረቀትን በሚመለከት፥ ወላጅ ኢትዮጵያዊ በመሆኑ ብቻ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ያለ ቪዛ ይገባል ማለት አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው፥ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ያለው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ይህ የሌለው ልጅ ግን ቪዛ ማውጣት አለበት። ፓስፖርቱም ከመግቢያው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑ ይታይ።

ስለ ጤና ጠለቅ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን እዚያ ቢደርስ ራሱን ሊያመው፥ እንቅልፍ ሊያጣና ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። አዲስ አበባ ከዚህ ብዙ ዝቅ ስለማትል ሁለት ሦስት ቀን በእርሷ ዐርፎ መሄድ ሰውነትን ያለማምዳል። በመጀመሪያው ቀን መሮጥና ተራራ መውጣት አይገባም፤ ውሃ በብዛት መጠጣት ያሻል። ልብና ሳንባ የሚያማቸው ሽማግሌዎች ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከከተማይቱ በላይ ያለችው አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ፥ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለ ሆኑ፥ ወደ እነዚህ መውጣት ለኋለኞቹ ቀናት ይቈይ። በተራራው ላይ ራስ ምታቱ የጸና፥ እየተራመደ የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክ ሰው ቢኖር፥ «ትንሽ ይሻለው ይሆናል» ሳይባል ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይውረድ፥ ለሐኪምም ይታይ።

ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ልጆችን ስለ ክትባት ለሐኪም ማሳየት ይገባል። በላሊበላ ከፍታ ወባ የተለመደ አይደለም፤ ነገር ግን በመኪና በደሴ በኩል የሚሄድ ሰው ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን የመሳሰሉ ቆላዎችን ስለሚያልፍ በዚያ ቢያድር አጎበር ያስፈልገዋል። ባሕር ማዶ ያደገ ልጅ ውሻ ሲያይ ሊዳብስ ይሮጣል። ይህን አስቀድሞ መከልከል ነው፤ ቢነከስ ግን ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። ለመጠጥ የፈላ ወይም የታሸገ ውሃ ይያዝ። ስለ ጠበል ምክር መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ያን የንስሐ አባት ይጠየቁ።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ያህል በተቈፈረ ጕድጓድ ውስጥ ይቆማል፤ እንግዳ ሰው ከላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ኋላ ሲራመድ እግሩን አያይም። ልጆች ያለ ሰው እጅ ወደ ጠርዙ አይቅረቡ። በቤተ አማኑኤል በኩል ባለው የዋሻ መንገድ ጨለማው ፍጹም ነው። ካህናቱ የሲኦል ምሳሌ መሆኑን ይናገራሉ። ለአዋቂ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ትንሹ ልጃችን ግን ማንም ስላልነገረው በመካከሉ ቆሞ አልቅሶ፥ አባቱ አጐንብሶ ተሸክሞት ወጣ። በማግሥቱ በእጁ መብራት ሰጥተነው፥ ከጨለማው በኋላ ብርሃን እንዳለ ነግረነው፥ እርሱ ራሱ መራን። ጫማ በየበሩ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ይያዝ፤ ምንጣፉ ቁንጫ ሊኖረው እንደሚችልም ባለቤቶቹ አይደብቁም። ሌሊቱ ይበርዳል፥ ቀኑ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል።

ምግቡ እስከ በዓሉ ሌሊት ድረስ የጾም ምግብ ነው፤ ጾመ ነቢያት ነውና። በርበሬ ያልለመዱ ልጆች አልጫ ሽሮና ድንች ይበላሉ። ከሚያውቁት ምግብ ጥቂት በሻንጣ መያዝም ዕፍረት የለውም።

በቅዳሜ ገበያ ልጆቹ ከላስታ ልጆች ጋር በምልክት ተነጋግረው ሲጫወቱ ማየት ከጉዞው ሁሉ የተወደደ ነበር። በመንገድ ገንዘብ ለሚለምን ልጅ በእጁ መስጠት ከትምህርቱ ያስቀረዋል ሲሉ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሊሰጥ የወደደ በደብሩ ወይም በትምህርት ቤቱ በኩል ይስጥ። የውጭ አገር ዜጋ የሚከፍለውን መግቢያም በደረሰኝ ይክፈል። ከየአውራጃው ቀናት በእግራቸው ተጕዘው የሚመጡትን ምዕመናን የከተማው ሰው እግራቸውን አጥቦ ሲቀበል ልጆቹ ይዩ። እኛ ከአይሮፕላን ወርደን በመኪና ስለ መጣን እግራችን አልተነካም፤ ልጅቱ ለምን እንደ ሆነ ስትጠይቀን መልስ አልነበረንም።

ስለ ጸጥታ ዝም ማለት አንባቢን ማታለል ይሆናል። በሰሜኑ ጦርነት ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ግጭት ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ኢንተርኔቱም ተቋርጠው ነበር። ስለዚህ ቲኬት ከመቈረጡ በፊትና እንደ ገናም በመነሻው ሳምንት፥ በዚያው በላሊበላ ለሚኖር ሰው ደውሎ ስለ መንገዱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሚነግረው ብዙ ጊዜ ከሌላ የሰማውን ነው። የፓስፖርታችሁ መንግሥት ኤምባሲ ስለ አካባቢው የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ፥ ስማችሁንም አስመዝግቡ። ቀኑ የሚለወጥ ቲኬት ግዙ፤ ባንክና ስልክ ቢዘጉ የሚያደርስ ጥሬ ብር ያዙ፤ በሌሊት በመኪና አትጓዙ። መንገዱ ደኅና አይደለም ከተባላችሁም በዓሉን አዲስ አበባ አክብሩ። አባቶች ልጆቻቸው በሚሰሙበት «እግዜር ያውቃል» ብለው እልህ ሲይዙ አይቻለሁ፤ ላሊበላ ግን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ በቦታው ነው፥ እስከሚመጣው ልደት ይቈያል።

ወንድሜ ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ልጅቱን በቤተ ክርስቲያናቸው ወደሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት አስገባት። በኪሷ የሰፋነውን ወረቀት አላጣለችውም። በቅርቡ በስልክ በላከችልኝ መልእክት፥ እኒያ እናት መጀመሪያ የጠየቋት ጥያቄ ምን እንደ ነበረ አስታውሼ እንድጽፍላት ለመነችኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» ብዬ ጻፍሁላት። ጥቂት ቈይታ፥ አንዱን ፊደል በሌላ እያሳሳተች፥ የአባቷን፥ የአያቷንና የቅድመ አያቷን ስም በአማርኛ ጽፋ መለሰችልኝ።