ጥገናው ይመስክር

«ውጅግራ» በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሽማግሌዎች አንደበት ከጀግና ስም ጋር የሚነሣ ቃል ነው። ሥሩ ግን ፈረንሳይኛ ነው። «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» መሣሪያውን የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ሁለቱን ቃላት ያገራችን ጆሮ ገጣጥሞ አንድ አደረጋቸው። ዛሬ የሚቸግረው ጠመንጃውን ራሱን መገጣጠም ነው። አንዱ ጋ መዝጊያ የሌለው በርሜል፣ ሌላው ጋ በርሜል የሌለው ሰደፍ ይገኛል። ከእንዲህ ያለ ስብርባሪ አንድ ሙሉ ውጅግራ ቢወጣ «እውነተኛ» ይባላል? መልሱን ለማግኘት መሣሪያው እንዴት እንደተወለደና ብረቱ እንዴት እንደሚሞት ማወቅ ያስፈልጋል።

ውጅግራ ሲወለድም ከአሮጌ ዕቃ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1866 የተቀበለችው «ሻስፖ» የተባለ ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ሲተኮስ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው፤ ጎማው ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1874 የመጣው ግራ መፍትሔውን ከናስ ለተሠራው ቀለህ ሰጠው። ናሱ ባሩዱ ሲነድ ለቅጽበት ያብጥና ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ጋዙን ያፍናል፤ ግፊቱ ሲያልፍ መለስ ብሎ ይላቀቃል። ፈረንሳይ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሻስፖዎቿን አልጣለችም። ጥይት የሚጎርሱበትን ሰፊ ቦታ ለአዲሱ ቀለህ እንዲመጥን አጠበበች፤ መዝጊያቸውንም ለወጠች። እነዚህ ተለዋጮች «1866-74» የሚል ማኅተም በጎናቸው ተመታባቸው።

ሰናድር የተባለው ጠመንጃ ታሪክም ይኸው ነው። እንግሊዞች ከአፈሙዝ የሚጎርሰውን የኤንፊልድ ጠመንጃ የበርሜል ጭራ ቆርጠው ያሜሪካዊው የያዕቆብ ስናይደር ፈጠራ የሆነ፣ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙበት። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኩስ የነበረው መሣሪያ ዐሥር ጊዜ ያህል መተኮስ ቻለ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡትን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት አድርገው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የእንግሊዝ ጦር ከባሕር በኩል ይዞት የመጣው ይህን ጭራው ተቆርጦ የተቀጠለ ጠመንጃ ነበር። በዕለተ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ የቴዎድሮስን ሠራዊት የፈጀውም እርሱ ነው። የዚያን ቀን የጥገና ጥበብ ለጠላት ሠርቷል።

ወደ አገራችን የገባው መሣሪያም አብዛኛው አገልግሎ የመጣ ነበር። ገጣሚው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣቸው ጠመንጃዎች አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለቻቸው እንደነበሩ ራሱ ለቤተሰቡ ጽፏል። ለዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት በእጁ የያዘው የብዙ አገር ፋብሪካ ሥራ ነው። አዲስ መለዋወጫ የሚልክ ባለመኖሩ የተሰበረውን የሚመልሰው የአገር አንጥረኛ ነበር። ባዶ ቀለህ ተለቅሞ ባገር ባሩድና እርሳስ ይሞላል። የግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደርሷል።

ብረቱን የሚገድለው ይኸው ባሩድ ነው። የድሮ ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ሲነድ ከግማሹ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጭስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። በበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦዮች ውስጥ የሚተኛው ይህ ዝቃጭ ጨዋማ በመሆኑ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ጨው በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ እንዲህ ያለ በርሜል ቅባት ብቻ አያድነውም፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀባው።

ዝገትም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዩ ከወጣበት ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ይነሣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ላለው ብረትም ለሌላ እርጥበት በር ይከፍታል። ጥቁሩ፣ ማግኔታይት የሚባለው፣ ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ቀዩ ዝገት በንጹሕ ውኃ ሲቀቀል ወደ ጥቁሩ ይለወጣል። የድሮ የጠመንጃ ሠሪዎች ብረቱን ሆን ብለው ቀጭን ዝገት ካስያዙት በኋላ ቀቅለው ጥቁር ልብስ ያለብሱት የነበረው በዚህ ዘዴ ነው። ዛሬም አንድ አሮጌ በርሜል በብርጭቆ ወረቀት ከሚፋቅ ቢቀቀል ይሻላል፤ የሚፋቀው ዝገቱ ብቻ ሳይሆን በብረቱ ላይ የተመታው ፊደልም ጭምር ነውና።

እንጨቱ ሌላ እንክብካቤ ይሻል። የአውሮፓ ሰደፍ አብዛኛው ከዋልነት የተሠራ ነው፤ መጠበቂያው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። ቅቤና ሞራ ይህን አያደርጉም። እየቆዩ አሲድ ያበጃሉ፤ ናስ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዝቃጭም ከዚያ ይመጣል። የተሰበረ የሰደፍ አንገት በጥሬ ቆዳ ተጠቅልሎ ቢገኝ ደግሞ መፍታት አይገባም። ርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስንጥቁን እንደ ብረት ቀለበት አጥብቆ የያዘው ይህ ኃይል ነው። አንጥረኛው በቆዳው ውስጥ ያለውን የኮላጅንን ስም ባይሰማም ጠባዩን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ክፍሎቹን ማዛመድ ላይ ጥንቃቄው ይበዛል። የሻስፖና የግራ መዝጊያ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ባዶውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣው ጥፍር ነው። የወረቀት ጥይት ተስቦ የሚወጣ ቀለህ ስለሌለው ሻስፖ ጥፍር አላስፈለገውም። ከዚያ በኋላ በበርሜሉ፣ በመዝጊያውና በሰደፉ ላይ የተመታው ቁጥር ይነበባል። ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መዝጊያ ልክክ ብሎ ቢገባ እንኳ ከቀለሁ ቂጥ ጋር ያለው ክፍተት ከልኩ ከሰፋ ናሱ ተለጥጦ ሊቀደድ ይችላል፤ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ ከስብርባሪ የተገጣጠመ ውጅግራ ለዕይታ ይሁን እንጂ ለተኩስ አይሁን። ባለቤቱም ከሥራው በፊት ሕጉን ይጠይቅ፤ ያረጀ ጠመንጃም ጠመንጃ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። በሰብሳቢ ገበያ ቁጥሩ ያልተዛመደ መሣሪያ ዋጋው ይረክሳል። ስለዚህ ቆዳው ይፈታል፣ ያንጥረኛው ምስማር ይነቀላል፣ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይደረጋል። ያኔ የሚቀረው የፈረንሳይ ጠመንጃ ብቻ ነው። የኛ የነበረው ጥገናው ነበር። ያልተዛመደው ቁጥር ሁለት ሰዎች የያዟቸው ሁለት መሣሪያዎች አንድ መሆናቸውን ይናገራል፤ የቆዳው መጠቅለያም አንድ ሰው በችግር ቀን ያደረገውን ይናገራል። ይህን ሁሉ ፎቶ ሳያነሡ፣ ሳይመዘግቡ አንዲት ምስማር እንኳ መንቀል የለብንም።

በጋይንት ያለችው የቤተ ልሔም ሰው አሮጌን ነገር እንዲህ መጠበቅን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ በክብ የሣር ክዳን ቤት ተሸፍኖ ዘመናት ኖሯል። ከውጭ ለሚያይ ሌላ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይመስል ስለነበር የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ገብቶ ሲያየው እጅግ ተደንቋል። አባቶች አሮጌውን አፍርሰው አዲስ አልሠሩም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ አለበሱት። እዚያው ግቢ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊያስመሰክር የሚመጣው ደቀ መዝሙርም ዜማውን በራሱ አያሳምርም፤ እያንዳንዷን ምልክት እንደ ተቀበላት ያደርሳል። አሮጌ ውጅግራ በእጁ የገባ ሰውም እንዲሁ ይሁን፦ ከመወልወሉ በፊት ምልክቱን ያንብብ።