በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር፣ በዋጋ የሚሸጥ ዕድሜ

የሶፍትዌር ሸማች ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን ይፈልጋል። በአንድ በኩል አዲስ ነገር ይሻል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሒሳቡን የሚይዝለት ኮምፒዩተር ነገም እንደ ትናንቱ ሳይሰናከል እንዲሠራለት ይፈልጋል። ማንም አይቶ ሊያሻሽለው በሚችለው በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ዘንድ ችግሩ ይበልጥ ይጎላል። ከየአገሩ የሚሳተፉ ባለሙያዎች በየዕለቱ ለውጥ ያስገባሉና። የተለመደው መፍትሔ የሙከራውን እትም ለሥራ ከሚውለው መለየት ነው። መለየቱ ግን ወጪ አለው፤ የሚያከራክረውም ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስ ለዓመታት የተጠቀመው በቁጥር መለየትን ነበር። 2.2 እና 2.4 ለሥራ፣ 2.3 እና 2.5 ለሙከራ ማለት ነው። አሠራሩ ግልጽ ቢሆንም ቀርፋፋ ነበር። 2.4 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 ሲወጣ ተከታዩ የሥራ እትም 2.6 የወጣው በዲሴምበር 2003 ነው። ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅ ያልቻሉ ሻጭ ኩባንያዎች ከሙከራው እትም የሚሹትን እየቀነሱ በአሮጌው ላይ ይለጥፉ ጀመር። በዚህም ሳቢያ በስም አንድ የሆነው 2.4 ከኩባንያ ኩባንያ የተለያየ ሆነ። ከ2.6 በኋላ በቁጥር መለየቱ ቀርቷል። አዲስ እትም በየሁለትና በየሦስት ወሩ እየወጣ፣ የተመረጡት ብቻ ለዓመታት ይጠገናሉ።

ልዩነቱን ወደ ገበያ ያወጣው የአሜሪካው ሬድ ሃት ኩባንያ ነው። ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሆን እትም በ2002 ለብቻው ማቅረብ ጀመረ። በ2003 የወጣው ሬድ ሃት ሊኑክስ 9 የቀድሞው ምርት የመጨረሻ ሲሆን፣ ጥገናው በኤፕሪል 2004 ተቋርጧል። በቦታው ሁለት መስመሮች ተተኩ። አንደኛው በየስድስት ወሩ ገደማ የሚወጣውና በነፃ የሚታደለው ፌዶራ ነው፤ የአንዱ እትም ዕድሜ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው በዓመታዊ ክፍያ የሚቀርበውና ለአሥር ዓመት የሚጠገነው ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለፕሮግራሙ ሳይሆን ለጥገናው ዕድሜና ሲቸግረው ለሚጠይቀው ባለሙያ ነው። አይቢኤም ይህንን ኩባንያ በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

መክፈል ያልፈለገው መጠለያ ያገኘው በሴንትኦኤስ ነበር። በ2004 በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረው ይህ ሥራ የኢንተርፕራይዙን ምንጭ ወስዶ ተመሳሳዩን በነፃ ያቀርብ ነበር። በ2014 በሬድ ሃት ሥር ገባ። በ2019 የወጣው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 እንደሚጠገን ተጠብቆ ሳለ፣ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ በዲሴምበር 2020 ተነገረ። በምትኩ የቀረበው ሴንትኦኤስ ስትሪም ከኢንተርፕራይዙ ቀድሞ የሚሄድ፣ ቀጣዩ እትም የሚሰናዳበት ነው። ቀድሞ ከኋላ ይከተል የነበረው ከፊት ተሰለፈ። አሥር ዓመት አስበው ሰርቨራቸውን ያዘጋጁ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ክፍተቱን ለመሙላት በ2021 አልማ ሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ብቅ አሉ። ሬድ ሃት ግን በ2023 የኢንተርፕራይዙን ምንጭ ለሕዝብ የሚያወጣው በስትሪም በኩል ብቻ እንደሆነ አስታወቀ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የሙከራውን እትም ለሥራ ማዋል ጉዳቱ ግልጽ ነው። የሴንትኦኤስ ተጠቃሚዎች ግን አልቸኮሉም፤ የመረጡትም የሥራውን መስመር ነበር። የጎደላቸው የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና እስከ መቼ እንደሚሸፍን የሚያስር ውል ነው። ስለዚህ ነፃ ሶፍትዌር የሚመርጥ ድርጅት የእትሙን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ የጥገናውን ማብቂያ ዓመትና ከጥገናው ጀርባ ያለውን ከፋይ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።