የልብ ምት መለኪያ የካሎሪ ግምት

የልብ ምት መለኪያ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚቆጥር መሣሪያ ነው። በደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ያነባል፤ በእጅ ሰዓት መልክ የሚሠራው ደግሞ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ የደም ፍሰትን ለውጥ ይከታተላል። ብዙዎቹ በስፖርት ጊዜ የተቃጠለውን ካሎሪም ያሳያሉ። ይህ ቁጥር ግን በቀጥታ የተለካ ሳይሆን በስሌት የተገመተ ነው።

የግምቱ መሠረት

ሰውነት ኃይል ለማግኘት ኦክስጅን ይጠቀማል፤ በአንድ ሊትር ኦክስጅን 5 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የኃይል ፍጆታ የሚታወቀው ሰውየው በጭምብል የሚተነፍሰውን አየር በመመርመር ነው። በመካከለኛ እንቅስቃሴ ጊዜ የልብ ምትና የኦክስጅን ፍጆታ አብረው ይጨምራሉ። መሣሪያው ይህን ዝምድና በመጠቀም የልብ ምትን እንደ ዕድሜ፣ ፆታና ክብደት ካሉ መረጃዎች ጋር አጣምሮ ካሎሪውን ያሰላል።

የስሕተት ምንጮች

የልብ ምት የሚጨምረው ጡንቻ ስለሠራ ብቻ አይደለም። ሙቀት፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስና ጭንቀት ምትን ያፋጥናሉ፤ የሚቃጠለው ካሎሪ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በአንጻሩ ቤታ ብሎከር የተባሉ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች ምትን ይቀንሳሉ። ክብደት በማንሳት ጊዜም የልብ ምት ከኦክስጅን ፍጆታ ይልቅ ከፍ ይላል።

የሰዎች የአካል ብቃትም ይለያያል። በሩጫ የሠለጠነ ሰው ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ለምሳሌ የሁለት ሰዎች ልብ በደቂቃ 140 ጊዜ ቢመታና አንዱ በደቂቃ 2 ሊትር፣ ሌላው 1.5 ሊትር ኦክስጅን ቢጠቀሙ፣ በ30 ደቂቃ የመጀመሪያው 300፣ ሁለተኛው 225 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላሉ።

የተደረገ ጥናት

በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን በ60 ፈቃደኞች ላይ ፈትነው ውጤቱን አሳትመዋል። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለክተዋል። በካሎሪ ግምት ግን የተሻለው መሣሪያ በአማካይ 27 በመቶ፣ የመጨረሻው 93 በመቶ ተሳስቷል።

አጠቃቀም

በ27 በመቶ ስሕተት፣ በእርግጥ 400 ኪሎ ካሎሪ ያቃጠለ ሰው 290 ወይም 510 ገደማ ሊነበብለት ይችላል። ልዩነቱ የአንድ መክሰስ ያህል ስለሆነ፣ ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው የሚበላውን በዚህ ቁጥር ብቻ ቢወስን ያቃጠለውን መልሶ ሊበላው ይችላል። መሣሪያው ይበልጥ የሚጠቅመው የእንቅስቃሴን ክብደት በልብ ምት ለመከታተልና የአንድን ሰው ተመሳሳይ ልምምዶች ከቀን ወደ ቀን ለማነጻጸር ነው።