ቲሮል ለስኪ ልትሄዱ ነው? ከፎቶው በፊት ከፍታውን እዩ



ኢንስታግራም ላይ ሁሉም የስኪ መንደር አንድ ነው። ነጭ በረዶ፣ የእንጨት ቤት፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ትኩስ ቸኮሌት። ችግሩ ፎቶው የተነሳው ጃንዋሪ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የምትሄዱት ደግሞ ለፈረንጅ ፋሲካ። ለወራት ያጠራቀማችሁትን ዩሮ ከፍላችሁ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ሳርና ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ስለ ቲሮል እናውራ። ቲሮል በምዕራብ ኦስትሪያ የሚገኝ፣ በአልፕስ ተራሮች የተሞላ ክልል ነው። ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከስዊዘርላንድ ጋር ስለሚዋሰን እዛ ለምትኖሩ ሩቅ አይደለም። ዋና ከተማው ኢንስብሩክ በ1964 እና በ1976 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሎምፒክን አስተናግዳለች። በክልሉ በደርዘን የሚቆጠሩ የስኪ ቦታዎች አሉ።

"ታዲያ የትኛው ይሻላል?" ለሁሉም ሰው የሚሻል የሚባል የለም። ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

1. ከፍታው ስንት ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ 760 ሜትር ላይ ያለች መንደር 5 ዲግሪ ሆኖ ዝናብ ሲዘንብባት፣ 2,760 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ታች ዝናብ፣ ላይ በረዶ ማለት ነው።

ኪትስቡልን እንውሰድ። በጣም ዝነኛ ነው፤ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የዓለም ዋንጫ ውድድር ይደረግበታል። ከተማው ግን ያለው 760 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ የስኪው ጫፍም 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አዎ፣ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ከኪትስቡል ጫፍ በላይ ነው ያለው! አዲስ አበባ ስኪ የሌለው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። (ክረምት ላይ ጣራችንን የሚደበድበው በረዶ ሌላ ነው።)

በሌላ በኩል ዞልደን እስከ 3,340 ሜትር፣ ሂንተርቱክስ ደግሞ እስከ 3,250 ሜትር ይወጣሉ። ሁለቱም ላይ የበረዶ ግግር አለ። ሂንተርቱክስ ላይ በጋ ክረምት ሳይባል ዓመቱን ሙሉ ስኪ አለ። ከኢንስብሩክ ብዙ የማይርቀው የሽቱባይ ግግርም ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

የበረዶ እጥረት አዲስ ነገር አይደለም። በ1964ቱ ኦሎምፒክ በረዶ ጠፍቶ የኦስትሪያ ወታደሮች ከተራራ ላይ እያወረዱ መወዳደሪያውን አልብሰዋል። አሁን ደግሞ አልፕስ ከዓለም አማካይ በእጥፍ ገደማ ፍጥነት እየሞቀ ነው። "በረዶ የሚረጭ ማሽን አለ አይደል?" ልትሉ ትችላላችሁ። አለ፤ ግን እሱም ብርድ ካልሆነ አይሠራም።

ባጭሩ፦ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ዝቅ ያሉትም ያስኬዳሉ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ወይም ከማርች አጋማሽ በኋላ ከሆነ ከፍ ያለውን ምረጡ።

2. ቁልቁለቱ ለኔ ይሆናል?

ኦስትሪያ ውስጥ መንገዶቹ በቀለም ይለያሉ። ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ሰማያዊው ምን ያህል እንደሆነ እዩ።

ሳንክት አንቶን በስኪ ታሪክ ትልቅ ስም አለው፤ ግን የሚታወቀው በከባድ ቁልቁለቱ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ሰርፋውስ ፊስ ላዲስን ተመልከቱ። ለልጆችና ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ ሰርፋውስ መንደር ውስጥ እንኳን ትንሽዬ የምድር ውስጥ ባቡር አለች። ጭፈራ የምትወዱ ደግሞ ኢሽግል አለላችሁ። እዛ በስኪ ተሻግራችሁ ሳምናውን የተባለች የስዊዘርላንድ መንደር መድረስ ትችላላችሁ፤ ዕቃውም ከቀረጥ ነፃ ነው። ድንበር እየተሻገራችሁ ስለሆነ ግን ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን መያዝ እንዳትረሱ።

ቁልቁለት የምትፈሩስ? ዜፌልድ ሂዱ። እዛ ዋናው ነገር በሜዳ ላይ የሚኬድ የረጅም ርቀት ስኪ ነው። በነገራችን ላይ፣ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የተወዳደረው በዚሁ ዓይነት ስኪ ነው። "ስኪ የፈረንጅ ነገር ነው" ለሚል ጓደኛችሁ ይሄን ንገሩት።

3. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው?

የሆቴሉን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። በትልልቆቹ ቦታዎች የሊፍት ቲኬት ብቻ በቀን ከ70 ዩሮ በላይ ሆኗል። ላዩ ላይ የስኪ፣ የጫማና የሄልሜት ኪራይ፣ አስተማሪ፣ ምግብ ጨምሩበት። 300 ኪሎሜትር መንገድ ያለው ሪዞርት ለጀማሪ ምንም አይጠቅመውም፤ የምትውሉት አንዲት ልምምድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ መንደር ምረጡ፤ ለጀማሪ ብቻ የሚሆን ርካሽ ቲኬት ካላቸውም ጠይቁ። ከገናና ከአዲስ ዓመት ሳምንት፣ እንዲሁም ከፌብሩዋሪ የትምህርት ቤት እረፍት ሽሹ። የጃንዋሪ አጋማሽ ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፤ በረዶውም ጥሩ ነው።

ኢንሹራንስ ግን አትቆጥቡ። ስኪ ላይ ተጎድታችሁ በሄሊኮፕተር ከተነሳችሁ ሂሳቡ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ሊሆን ይችላል፤ ተራው የጤና መድን ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

የመጨረሻው ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። ለቪዲዮ ብላችሁ ከተከለለው መንገድ እንዳትወጡ። የበረዶ ናዳ ስጋት በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይነገራል። 3 ሲባል "መካከለኛ ነው" ብለው የሚዘናጉ ብዙ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን 3 በሆነበት ቀን ነው። አደጋ ካያችሁ ኦስትሪያ ውስጥ የተራራ አድን ቁጥሩ 140 ነው፤ 112ም ይሠራል። ሁለቱንም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉት።

በዚህ ክረምት ለመሄድ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ፣ ሳይከፍል በፊት ይሄን ሼር አድርጉለት። የሄዳችሁ ካላችሁ ደግሞ የት እንደሄዳችሁና በረዶው እንዴት እንደነበር ኮሜንት ላይ ጻፉልን።

መልካም ጉዞ!