ላለመታየት የተፈጠረው እባብ

አሜሪካ የሚያድጉ የአበሻ ልጆች ወላጆቻቸውን ውሻ ይለምናሉ፣ ድመት ይለምናሉ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ ብቅ ብሎ እባብ ይለምናል። ውሻው «የቤት ኪራይ ውሉ አይፈቅድም» ተብሎ ይታለፋል። ለእባቡ ግን መልሱ «በስመ አብ!» ነው። እኔ የምወግነው ለዚያ ልጅ ነው። ከልጁም በላይ የምወግነው ገበያው ኬንያን ሳንድ ቦአ ለሚለው እባብ ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ መርዝ የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀብሮ የሚውል ፍጡር። ከዚህ በኋላ ሳንድ ቦአ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስሙ ለኬንያ ይሰጥ እንጂ አገሩ ሰፊ ነው። ከግብጽና ከሱዳን ተነሥቶ የኢትዮጵያንና የሶማሊያን ቆላ ይዞ እስከ ታንዛኒያ ይወርዳል። ሊኔየስ ገና እ.ኤ.አ. በ1758 መዝግቦታል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት በአብዛኛው እዚያው በእርባታ የተወለዱ ናቸው። ጀርባው ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሆኖ ጥቁር ቡናማ ጉራማይሌ አለበት፤ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። የሚያድነው አንቆ ነው። ይህን ያህል ካወቅን ለመግቢያ ይበቃል።

«ለጀማሪ ምን ልግዛ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የሚጠራው ኮርን ስኔክን ነው። ክፉ ምክር አይደለም፤ ኮርን ስኔክ ገራም ነው፣ ይበላል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን ከአንድ ሜትር አልፎ ያድጋል፣ ፈጣንና ማምለጥ የሚወድ ነው፣ የሣጥኑ ክዳን በጣት ያህል ከተከፈተ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ፈልጉት። ጆርጂያ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ኮርን ስኔክ የዚያ ስቴት የዱር እባብ ስለሆነ በቤት ማኖር በሕግ ተከልክሏል፤ አትላንታ ያላችሁ ይህን ሳታጣሩ እንዳትገዙ። (ሃዋይ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ዝለሉት፤ እዚያ እባብ የሚባል ነገር በጠቅላላው ክልክል ነው።) ቦል ፓይተን ውብ ነው፤ ምግብ እምቢ ባለ ቁጥር ግን ባለቤቱን እንቅልፍ ያሳጣል። ሆግኖዝ የሚባለውን አስቂኝ እባብ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከኋላ ጥርሱ በኩል ለስለስ ያለ መርዝ ስላለው ለልጅ መጀመሪያ አልመርጠውም።

ሳንድ ቦአ ወንዱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። ሴቷ ከ60 እስከ 75 ትደርሳለች፤ ወፈር ያለችም ናት። ስለዚህ ቦታም ገንዘብም ያነሰው ሰው ወንድ ይግዛ። ለወንዱ ባለ 10 ጋሎን የመስታወት ሣጥን፣ ለሴቷ ባለ 20 ጋሎን ረጅሙ ይበቃቸዋል። ተረቱ እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ ይላል፤ እዚህ ግን አንድ ሣጥን ለአንድ እባብ ነው። «ብቻውን እንዳይከፋው» ብላችሁ ሁለተኛ አትጨምሩ። አይከፋውም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ መቀበሩ።

ሳንድ ቦአ የገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሰማው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፤ «አይታይም፣ ገንዘቤን በላኝ።» ቀጥሎ ሰውየው በእጁ ይቆፍራል። ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ማታ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይቆፍራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እባቡ መብላት ሲያቆም «ታመመ» ይላል። አልታመመም፤ ቤቱ በየቀኑ እየፈረሰበት ነው።

ራሱን አስተውላችሁ እዩት። አፍንጫው እንደ ማረሻ ሾጥጧል፤ አፈሩን የሚሰነጥቀው በእሱ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ስለተገጠመ ሲቆፍር አፉ ውስጥ አሸዋ አይገባም። የአፍንጫው ቀዳዳ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ዓይኖቹ ትናንሽ ሆነው ከፍ ብለው ወደ አናቱ ተጠግተዋል፤ መላ አካሉ ተቀብሮ ዓይኑ ብቻ ከላይ እንዲቀር ማለት ነው። አንገት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጭራውም ዱልዱም ነው፣ ቅርፊቱ ወደዚያ ሲደርስ ይሻክራል። ይህ ሁሉ አካል የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፤ ከአፈር በታች ሆኖ ለመጠበቅ። አይጥ ወይም እንሽላሊት ከበላዩ ሲያልፍ አሸዋው ድንገት ይፈነዳል፣ ይነክሳል፣ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር እንደገና ጸጥ። ይህን እንስሳ ባዶ ወለል ላይ አውጥቶ «ተንቀሳቀስልኝ» ማለት ዓሣን ከውኃ አውጥቶ ዋና እንዲያሳይ ከመጠየቅ አይሻልም።

እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት ይመጣል፤ እኔን ከምንም በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሰው «የአሸዋ እባብ ነው» ሲባል ሮጦ አሸዋ ይገዛል። ሱቆቹም ያውቁበታል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀለም የተነከረ የካልሲየም አሸዋ በከረጢት ደርድረው ይጠብቁታል። አትግዙት። ከምግብ ጋር ሲዋጥ ሆድ ውስጥ ሊጋገር ይችላል፣ አቧራው ያስቸግራል፣ ሲረጥብ ይጠጥራል። እባቡ የሚፈልገው አሸዋ መሆኑን አይደለም፤ ከላዩ የሚጫነውን፣ ጎኑን የሚነካውን፣ ሲገፋው የሚሸሽለትን ነገር ነው። በትውልድ አገሩም የሚኖረው ነጭ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሳይሆን ልል በሆነ የቆላ አፈር ውስጥ ነው። ለዚህ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ይበቃዋል፤ ከሰጋቱራ ጠነን ያለ፣ ርካሽ፣ ቀላል፣ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ አፍሶ መጣል የሚቻል። ከሰባት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሙሉት። የዝግባና የጥድ ፍቅፋቂ ግን ሽታው ከሚወጣበት ዘይት የተነሣ ለመተንፈሻው ጎጂ ነው፤ ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም።

ከመቀበሩ የሚመጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ሻጭ አይነግራችሁም። ድንጋይ ወይም ከባድ ጌጥ ስታስገቡ በፍቅፋቂው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ አሳርፉት። እባቡ ከሥሩ ሲቆፍር ድንጋዩ ይወርድበታል፤ በዚህ ዓይነት የሞቱ አሉ። የውኃው ሳህን ትንሽና ከባድ ይሁን፣ ቀዝቀዝ ባለው ጫፍ ይቀመጥ፤ ከተገለበጠ አስፐኑ ይሻግታል።

ሙቀቱም ቢሆን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ወደ 25 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ሰው ከሣጥኑ በታች ማሞቂያ ምንጣፍ ይለጥፋል፣ ቴርሞሜትሩን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፣ 27 ሲያነብ «በረደው» ብሎ ይጨምራል። እባቡ ግን ግድግዳው ላይ አይኖርም፤ ወርዶ ወርዶ መስታወቱ ላይ ሆዱን ለጥፎ ተኝቷል፤ እዚያ ያለው ሙቀት አየሩ ከሚያሳየው እጅግ የበለጠ ነው። የሚለካው እዚያ ታች ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት የሌለው ምንጣፍ ሆድ ያቃጥላል። እባብም ሲቃጠል ቶሎ አይሸሽም፤ ጠረኑ እስኪወጣ ተኝቶ የተገኘ አለ። ስለዚህ በጀታችሁ ከጠበበ ከጌጡ ቀንሱ፣ ከፕላስቲክ ዘንባባው ቀንሱ፣ ከእባቡ ቀለም ቀንሱ፤ ከቴርሞስታቱ ግን አንድ ዶላር እንዳትቀንሱ። የተለመደ ቀለም ያለው ሳንድ ቦአ ከአርቢ 100 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ነጩን ወይም ብርቅ ቀለም ያለውን ስትመርጡ ዋጋው ይንራል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ለሣጥኑ፣ ለማሞቂያው፣ ለቴርሞስታቱና ለፍቅፋቂው ቢያንስ የእባቡን ዋጋ ያህል ሌላ ያዙ።

መያዙ ቀላል ነው። ከገባ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ እስኪበላ አትንኩት። ከዚያ ከላይ እንደ ጭልፊት አትውረዱበት፤ ከአፈር ሥር ሆኖ ከላይ የመጣን ነገር ምግብ ነው ብሎ ሊነክስ ይችላል፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው። እጃችሁን ከጎን ከፍቅፋቂው ጋር ከሥሩ አስገቡና ዝቅ አድርጋችሁ አንሡት። ካደገ በኋላ መዳፍ ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አይሮጥም፣ ክንድ ላይ አይወጣም፣ ከፍታ አይወድም። ከበላ በኋላ ለሁለት ቀን ይተው፤ አለበለዚያ ያስመልሰዋል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እንደ ሌሎቹ ተሳቢዎች ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካው ይሻላል። ሣጥኑን የሰሐን ማጠቢያ ውስጥ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ምክር ሳይሆን ቁጣ ይገባዋል።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው ሣጥኑን ያዩ ጊዜ ከበሩ አልገቡም። «ምን ነካህ ልጄ? የሔዋንን ጠላት ከአልጋህ አጠገብ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ማን ነው ያወጣቸው?»

ትንሽ አሰቡ። «ያ ዘንዶ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። ይሄ በማን ትእዛዝ መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ሳይነኩትም ቢሆን ማታ ማታ ከሩቅ ቆመው «ዛሬስ ብቅ አለ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ብቅ የሚለው ሲመሽ ነው፤ መብራቱን ደብዘዝ አድርጎ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው አፍንጫውንና ሁለት ዓይኑን ከፍቅፋቂው ላይ ያያል። ከአክስቴ ጋር በእውነት የተጣላነው በፍሪዘሩ ነው፤ ለፋሲካ ከተቀመጠው ዶሮ አጠገብ በከረጢት የታሸገ አይጥ አገኙ። ልክ ነበሩ። አይጡ በራሱ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ሌላ ትንሽ ፍሪዘር ከተገኘ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ምግቡ ያው አይጥ ነው፤ ለጨቅላው ፀጉር ያላወጣች፣ ላደገው ከወገቡ ውፍረት የማትበልጥ። ቀዝቅዞ የተገዛው በሞቀ ውኃ ይቅለጥ፤ በማይክሮዌቭ አይሆንም። በሕይወት ያለ አይጥ መስጠት ጀግንነት የሚመስለው አለ፤ አይጥ ጥርስ አለው፣ እባብን ነክሶ ሊገድል ይችላል። ለጨቅላው በሳምንት አንዴ፣ ላደገው ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። በጅምላ ለገዛ ሰው የወር ቀለቡ ከአንድ ምሳ ዋጋ አያልፍም።

አንድ የማውቀው ሰው «አገር ቤት ስሄድ ከቆላ አንዱን ይዤ ብመጣስ?» ብሎኝ ያውቃል። አይሆንም። ሳንድ ቦአ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ከሕጉም በላይ አደጋው ይከፋል። ቆላ ውስጥ አጭር፣ ወፍራም፣ ጉራማይሌ ሆኖ አሸዋ ውስጥ የተኛ እባብ ሳንድ ቦአም ሊሆን ይችላል፣ እፉኝትም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ፣ አትንኩ፣ አትግደሉም፤ ዞር በሉ።

ለመግዛት የተሳቢ እንስሳት ኤክስፖ ስትሄዱ በአገር ውስጥ እርባታ መወለዱን ጠይቁ፣ ምን እየበላ እንደሆነና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደበላ የተጻፈ ካለ እዩ። አፉ አረፋ የሌለው፣ ዓይኑ የጠራ፣ የጀርባ አጥንቱ ያልወጣ፣ በቅርፊቱ መሃል የሚርመሰመስ ጥቁር ነጥብ የሌለበት ይሁን፤ ነጥቡ ቅማል መሰል ተባይ ነው። ጭራው ረዘም ያለው ወንድ ነው። ሻጩ «ይህ ሃያ ዓመት ይኖራል» ካላችሁ አላጋነነም፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እባቡ እናንተ ጋ ይቀራል፤ እወቁት።

ያደገ ወንድ የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምግብ እምቢ ሊል ይችላል። ያኔ አትቆፍሩ፣ አፉንም አትፈልቅቁ። በየወሩ በግራም ሚዛን መዝኑትና ጻፉት፤ ሚዛኑ የእባቡ ብቻ ይሁን፣ ለቡና ወይም ለበርበሬ አይዋል። ክብደቱ ባለበት ከቆየ ጠብቁት፤ መውረድ ከጀመረ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዱት። የሐኪሙን ስልክ እባቡን ከመግዛታችሁ በፊት ፈልጋችሁ ያዙ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እባብ አያይምና።